እግር የማይረግጠው ቦታ

ማሚቱ ዶማውን ጥላ ግንዱን በሁለት እጇ ጨበጠችና ወደ ኋላ ተንጋለለች። ዛፉ አልነቃነቅ አለ። ዙሪያውን እስከ ጉልበቷ ድረስ ቆፍራለታለች። ቅጠሉ ከረገፈ ወር አልፎታል። ሥሩ ግን አፈሩን የሙጥኝ ብሏል።

“ተይው ባክሽ፣” አለ ከኋላዋ ኢንጂነር ተስፉ። “ሎደር ሲመጣ ሁሉንም ባንዴ ጠርጎ ያወጣዋል።”

“ሁሉንም ማለት?”

“አርባ ሁለቱንም።”

ቀኑ ዓርብ ነው፣ የዐቢይ ጾም አጋማሽ። ኢንጂነሩ የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሰብሳቢ ነው። ሜትሩን ከቤተ ክርስቲያኑ ጥግ እስከ ምሥራቁ አጥር ዘርግቶ ልኩን ስልኩ ላይ ይጽፋል። ዛፎቹ ተነስተው መሬቱ ኮብልስቶን ከለበሰ ሠላሳ አራት መኪና ያቆማል። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሩ ላይ ያለውን ጡሩምባና ግልምጫ ያየ ሰው “ልክ ነው” ይላል። ማሚቱም ልክ ነው ትላለች። ግን መኪናው የሚቆመው ዛፎቿ የቆሙበት ላይ ነው።

“ሠላሳ አንዱ ደህና ናቸው እኮ፣ ኢንጂነር።”

“እስኪደርሳቸው ነዋ! እዪው እስቲ።” በጣቱ ረድፉን ተከተለ። “ከቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ጀመረ። አንዱን ሲጨርስ ወደሚቀጥለው። ዘጠኙ ደርቀዋል፣ አሥረኛውና አሥራ አንደኛው ቢጫ ሆነዋል። ይሄ በሽታ ነው። እሑድ ለጉባኤው የማቀርበው ይሄንኑ ነው። ካልተነቀለ የጎረቤቱን ግቢ ሁሉ ይፈጃል።”

“ምን በሽታ?”

“እኔ ሲቪል ነኝ፣ የዛፍ ሐኪም አይደለሁም።” ሜትሩን ጠቀለለና ወደ እሷ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “በሽታ ካልሆነ ደግሞ ያንቺ የኦሞ ውሃ ነው። ምን እንደምታጠጫቸው ሰው አይቷል፣ ማሚቱ። እኔ በጉባኤ ላይ አላነሳውም። አንቺም አትከራከሪ።”

ሄደ። የኦሞው ነገር እውነት ነው።

ጥር ላይ ሰሚት አካባቢ ለሁለት ሳምንት ያህል ውሃ አልመጣም ነበር። ማሚቱ ልብስ አጥባ የተረፈውን ውሃ በጀሪካን እያዘለች ሦስት ጊዜ አምጥታ አጠጣች። ሁለተኛው ዕጣቢ ነው፣ አረፋ የለውም ብላ ራሷን አሳመነች። በየካቲት አምስተኛው ዛፍ ሲደርቅ አረፋው ትዝ አላት። ከዚያ ወዲህ አዲስ ቢጫ ቅጠል ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። የገደልኳቸው እኔ ነኝ የሚለውን ለማንም አልተናገረችም። ለልጇም ቢሆን።

ማሚቱ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ቸሃ ተወልዳ በአሥራ ስድስቷ አዲስ አበባ ገባች። አክስቷ መርካቶ በረንዳ ላይ ቅቤ ስትሸጥ አብራ ሸጠች። አገባች። ባሏ የጅቡቲ መስመር ረዳት ነበር፤ አንድ ቀን ወጥቶ አልተመለሰም። ሞቷል ያላትም፣ አለ ያላትም የለም። የሰሚት ኮንዶሚኒየም ሲሠራ የቀን ሥራ ገባችና አሸዋና ጠጠር በባሬላ አራተኛ ፎቅ ድረስ አወጣች። ተመዝግባ ዕጣ ጠበቀች። ዕጣው ለሌላ ወጣ። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይታ እዚያው ሕንፃ ላይ በየቤቱ ልብስ ማጠብ ያዘች። ሰው ደረጃው ገደል ነው ብሎ ሲያማርር “እኔ ነኝ የሠራሁት፣ ምን ሆነ?” ትላለች። ያሳደገቻት ልጇ ዛሬ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሸሚዝ ትሰፋለች።

ቤተ ክርስቲያኑ ለጽዳት ከቀጠራት አምስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ሥራዋ መጥረግ ነው። ዛፍ ማጠጣት በደብዳቤዋ ላይ የለም።

ዛፎቹ የተተከሉት ከሦስት ክረምት በፊት ነው። አርባ ሁለት አባወራ፣ አርባ ሁለት ችግኝ። ዝግባ፣ ጥድ፣ ወይራ። የሰንበት ተማሪዎቹ ዘመሩ፣ እናቶች እልል አሉ፣ ሁሉም በየችግኙ አጠገብ ፎቶ ተነሳ። የየቤተሰቡ ስም የተጻፈበት ፕላስቲክ በየእንጨቱ ላይ ታሰረ። ጥቅምት ሲጠባ ማሚቱ ስትጠርግ ችግኞቹ አንገታቸውን ደፍተው አየች። ባለቤቶቹን በየስማቸው ታውቃቸዋለች። በየሳምንቱ በአጠገባቸው ያልፋሉ። በክረምት የሚተክል ብዙ ነው፤ በበጋ የሚያጠጣ ግን አልተገኘም። ባልዲ አነሳች።

በሁለተኛው ዓመት ለስለት የመጣ በግ ሦስቱን ጫፍ ጫፋቸውን በላ። አንድ መኪና ወደ ኋላ ሲል ሁለቱን አጎበጠ። ማሚቱ በየግንባታው ቦታ እየዞረች የተቆራረጠ ፌሮና ሽቦ ለመነች። የቀን ሥራ ሳለች የምታውቃቸው ፎርማኖች ነበሩ። ባለፈው መስከረም እያንዳንዱን ዛፍ በወገብ ልክ አጠረችና ለማጠጫ የምትሆን በሽቦ የምትታሰር ትንሽ በር አበጀችለት። ቄሰ ገበዙ ወልደጊዮርጊስ ሥራዋን ዞረው አይተው ግንባሯን በመስቀል ባረኩ። “ተባረኪ፣ ልጄ። አሁን እግር አይረግጣቸውም” አሏት። የቤተ ክርስቲያኑ ንዋየ ቅድሳት ኃላፊ፣ ሰው የሚፈራቸው አባት ናቸው። ማሚቱ ያን ቀን ምሳ ሳትበላ ዋለች፤ ጠግባ ነበር።

ከአጥሩ ወዲህ ዛፎቹን በግም መኪናም አልነካቸውም። እንዲያውም አንድ ደግ ሰው በየጊዜው ሥራቸውን እየኮተኮተላት ነው። ጠዋት ስትመጣ አፈሩ ተገላብጦ፣ ተደልድሎ ታገኘዋለች። ማን እንደሆነ አታውቅም። ስሙን ሳታውቅ ትመርቀዋለች። የሚያናድዳት አንዳንዱ ምእመን ብቻ ነው፤ የጧፍ ቁራጭ፣ የተቀደደ የሥዕል ወረቀት፣ ባዶ የጠበል ፕላስቲክ አጥሩ ውስጥ ጥሎ ይሄዳል። እየለቀመች ታወጣለች፣ እየተራገመች።

ኢንጂነሩ ከሄደ በኋላ ማሚቱ ዶማዋን መልሳ አነሳችና የዛፉን ሥር በጎን በጎኑ ቆርጣ አወጣችው። በማዳበሪያ ከረጢት ጠቀለለችና በትከሻዋ አድርጋ ወደ ታክሲ ሄደች።

“እናት፣ ይሄ ምንድን ነው?” አለ ረዳቱ።

“ዛፍ።”

“ሁለት ሰው ነው የምቆጥረው!”

“ቁጠር። ግን የሞተ ነው፣ ወንበር አይዝም።”

ከሰሚት ወደ ጎሮ በሚወስደው አስፋልት ዳር አብዱልገኒና ሚስቱ ሀጀር ችግኝ ይሸጣሉ። የወሎ ሰዎች ናቸው። አርባ ሁለቱም ዛፎች የተገዙት ከእነሱ ነው። አብዱልገኒ ማሚቱን ባገኛት ቁጥር “የኔ ልጆች እንዴት ናቸው?” ይላታል። ያን ቀንም አላት።

“አንዱን ይዤልህ መጥቻለሁ፣” አለች። “ሬሳውን።”

“ኢና ሊላሂ!” አለና ሳቀ። እሷ እንዳልሳቀች ሲያይ አቆመ። ዛፉን ከከረጢቱ አውጥቶ ጭኑ ላይ አጋደመው።

ማሚቱ መጠበቅ አልቻለችም። “ኦሞ ነው፣ አይደል? በለኝና ይውጣልኝ።”

“የምን ኦሞ?”

ነገረችው። ሦስቱን ጀሪካን፣ ጥርን፣ አረፋውን። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው መናገሯ ነው። ሀጀር በትንንሽ ላስቲክ አፈር እየሞላች ትሰማ ነበርና ቀና አለች።

“እትዬ ማሚቱ፣ ኦሞ ዛፍ ቢገድል የእኛ ሰፈር ቦይ ዳር ያለው ባሕር ዛፍ እስካሁን አርባው ወጥቶ ነበር።”

አብዱልገኒ ከሥሮቹ አንዱን በጥፍሩ ላጠው። “ውስጡ ነጭ ነው፣ ታያለሽ? ውሃው ቢሆን ሥሩ ይበሰብስ ነበር። ሥሩ ጤነኛ ነው። ምስኪን፣ እስካሁን ቅጠል አለኝ ብሎ ውሃ እየሳበ ነው።”

“ታዲያ?”

ሥሩና ግንዱ የሚገናኙበትን ቦታ በቢላ ፋቀው። ልጡ እንደ ወረቀት ተልጦ ወደቀ። ከሥሩ ያለው እንጨት ጥቁር ነው። ዛፉን አዞረው። ጥቁሩ ዙሪያውን እንደ ቀለበት ከቦታል።

“አንገቱን ነው የታነቀው። እሳት ነው።”

“ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ማን እሳት ያነዳል?”

“እኔን ትጠይቂኛለሽ? እኔ መስጊድ ነው የምሰግደው።” ከሥሩ የተያያዘውን አፈር በሁለት ጣቱ አሸት አድርጎ አሳያት። ግራጫ ነው። “አመድ አለው። ፍሕም ከነአመዱ ቀብረውበታል።”

“ኢንጂነሩ በሽታ ነው ይላል። ተራ በተራ ስለሚሄድ።”

አብዱልገኒ ዛፉን መሬት አስቀምጦ እጁን አራገፈ። “በሽታ ተራ አይጠብቅም፣ እትዬ። ተራ የሚጠብቀው ሰው ነው።”

ስትመለስ ታክሲው ውስጥ ብቻዋን ሳቀች። አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ ፈንጠር አለች። እኔ አይደለሁም፣ አለች ማሚቱ በሆዷ። እኔ አይደለሁም። ደረቷ ላይ ሁለት ወር የተቀመጠ ድንጋይ ተነስቶ በመስኮቱ የወጣ መሰላት። ሰሚት እስክትደርስ ግን ሌላ ነገር ቦታውን ያዘ። ሰው ነው ካለ፣ ማን ነው? ቦታው እንዲለቀቅ የሚፈልግ ማን ነው? ሜትር ይዞ የሚዞርስ?

ኢንጂነሩ በየማለዳው ኪዳን ለማድረስ ይመጣል። እሷ ሥራ የምትገባው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። በመካከሉ ሰዓት አለው። የሚኮተኩተውን ደግ ሰው ያኔ አስታወሰችና ምርቃቷን መልሳ ወሰደች።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ነጠላዋን ተከናንባ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ቆመች። መጥረጊያዋን በእንጨቱ በኩል ይዛለች። የሚመጣውን በምን ቃል እንደምታዋርደው ስታወጣ ስታወርድ ኪዳኑ አለቀ። ሰው ተሳልሞ መውጣት ጀመረ። ኢንጂነሩም ወጣ፤ ጫማውን አጠለቀ፣ ወደ ዛፎቹ ዞር ብሎ አየ። ማሚቱ መጥረጊያዋን ጠበቅ አደረገች። ኢንጂነሩ ግን አማተበና በበሩ በኩል ወጥቶ ሄደ።

ከሱ በኋላ የዕቃ ቤቱ በር ተከፈተ። ቄሰ ገበዙ ወልደጊዮርጊስ ወጡ። በአንድ እጃቸው ክዳን ያለው ጣሳ፣ በሌላው ትንሽ መኮትኮቻ ይዘዋል። ቀስ እያሉ ረድፉን ተከትለው ሄዱ፤ ዛፎቹን በመኮትኮቻው እየነኩ ይቆጥራሉ። አሥራ ሁለተኛው ጋ ቆሙ። የአጥሩን ሽቦ ፈቱ። ጎንበስ ብለው የዛፉን ሥር ጫር ጫር አደረጉና ጣሳውን ገለበጡ፣ አፈር አለበሱት፣ በእጃቸው መታ መታ አድርገው ደለደሉት። አማተቡ።

ማሚቱ መጥረጊያውን ታንከሩ ላይ አስደግፋ ወጣች።

“አባ!”

“ማነሽ?” ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ መነጽራቸው ወፍራም ነው። “ማሚቱ ነሽ? በማለዳ ምን አመጣሽ?”

“ምን ቀበሩ እዚያ?”

“የጽናውን ነዋ። የዕጣኑን አመድ።”

“እሳት አለበት፣ አባ።”

“የምን እሳት? በርዷል። እፍ ብዬ አይቼዋለሁ።”

ማሚቱ ተንበረከከች፣ አፈሩን ገለጥ አድርጋ እጇን ከተተች። ወዲያው ነጥቃ አወጣችው። ከጣቷ ጋር አንድ ፍሕም ወጥቶ መሬት ላይ ተንከባለለ። በጠዋቱ ነፋስ ቀላ።

ሁለቱም ፍሕሙን አዩት። እሳቸውም ጭምር።

“በመድኃኔ ዓለም!” አሉና የአጥሩን ፌሮ ይዘው ቀስ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ማሚቱ ጣቷን እየላሰች ቆመች። ቃሉን ሁሉ ያዘጋጀችው ለኢንጂነሩ ነበር። ለቄሰ ገበዝ የሚሆን አንድም አልነበረበትም።

“የድሮው ጉድጓድ ከቤተልሔሙ ጀርባ ነበር፣” አሉ። “መስከረም ላይ ይሄን የውሃ ታንከር አመጡና ላዩ ላይ አስቀመጡት። አመዱን የት ላድርገው? የተቀደሰ ነው፣ እግር በሚረግጠው ቦታ አይደፋም። ሰበካውን ጠየቅኩ፣ ‘እናስብበታለን፣ አባ’ አሉኝ። ግቢው ሁሉ ኮብልስቶን ነው፣ የቀረው መተላለፊያ ነው። እግር የማይረግጠው ቦታ ስፈልግ አንቺ ዛፎቹን አጠርሽ። እግዚአብሔር ነው የላከልኝ አልኩ።”

“እኔ?”

“አንቺ ነሻ።”

“በተራ ነው የሚቀብሩት?”

“በተራ ነዋ፣ ልጄ። ለእያንዳንዱ አሥራ አምስት ቀን። በረከቱ አንዱ ጋ ብቻ እንዳይቀር፣ ለአርባ ሁለቱም እንዲዳረስ። ነፋስ እንዳይበትነው ደግሞ አፈር አለብሰዋለሁ።”

ማሚቱ ልትይዘው ሞከረች፣ አልሆነላትም። ሳቋ አመለጣት። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች።

“ባይዳረሳቸው ይሻል ነበር፣ አባ።”

“ስንት ደረቀ?”

“ዘጠኝ። ሁለቱ እያጣጣሩ ነው።”

መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። ረጅም ጊዜ ጠረጉት። “ባርኬ ነው የፈጀኋቸው በይኛ” አሉ።

ፍሕሙን አብረው አወጡ። እሷ ባልዲ ውሃ አመጣችና ሥሩን አቀዘቀዘችው። የዚህኛው ገና የመጀመሪያ ቀኑ ነበር፤ ልጡ አልተነካም። ከዚያ ስትፈራው የነበረውን ጠየቀች።

“ነገ ጉባኤ ነው፣ አባ። ሊነቅሏቸው ነው። ኢንጂነሩ ሲጠይቀኝ ምን ልበል?”

“አንቺ ምንም አትበዪ” አሉና ጣሳቸውን አንስተው ገቡ።

ምንም አትበዪ ማለት ምን ማለት ነው? ማሚቱ ቀኑን ሙሉ አሰላሰለችው። እኔ እናገራለሁ ማለት ሊሆን ይችላል። አታዋርጂኝ ማለትም ሊሆን ይችላል። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። በዚህ ደብር ላይ ቄሰ ገበዝ ተሳሳቱ የሚል ቃል ተሰምቶ አያውቅም፤ ያውም ከጠራጊ አፍ። ዝም ካለች አርባ ሁለቱም ይሄዳሉ። ከተናገረች ማን ያምናታል?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ሞላ። ማሚቱ የጉባኤው አባል አይደለችም፤ በሩ ጋ ቆመች። ኢንጂነር ተስፉ ወረቀቱን ዘርግቶ አሳየ። ሠላሳ አራት መኪና፣ መግቢያና መውጫ ለየብቻ። ስለ በሽታውም ተናገረ። ስለ ኦሞው ቃሉን ጠብቆ ምንም አላነሳም።

“መትከላችን መልካም ነበር፣” አለ። “ግን ያልሆነን ነገር መሸከም የለብንም።”

አስተዳዳሪው አስተያየት ያለው ካለ ጠየቁ። አንዲት እናት ስለ ጥላው ጠየቁ፤ ኢንጂነሩ ሸራ ይወጠራል አላቸው። ሌላ የተናገረ የለም። ቄሰ ገበዙ ከፊት ረድፍ በትራቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው መሬት መሬት ያያሉ።

“የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ።”

እጆች መውጣት ጀመሩ። አምስት። አሥር። ማሚቱ በሩን ለቃ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባች። የተቃጠለው ጣቷ ይጠዘጥዛታል።

“አውርዱ፣” አሉ ቄሰ ገበዙ።

ቆሙ። ወደ ሰዉ ዞሩ።

“እጃችሁን አውርዱ። በሽታ የለም። በሽታው እኔ ነኝ።”

“ምን ማለትዎ ነው፣ አባታችን?” አለ ኢንጂነሩ።

ነገሩት። ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ ታንከሩ፣ ስለ አሥራ አምስት ቀኑ። ምንም አላስቀሩም፤ ፍሕሙን ማሚቱ በእጇ እንዳወጣችውም ተናገሩ። ሰው መሳቅ እንዳለበትና እንደሌለበት አላወቀም። ከኋላ አንዲት አሮጊት ተነሱ።

“አባቴ፣ የእኛ ቤት ወይራ ተራው ደርሶት ነበር?”

“የእናንተ አሥራ ሦስተኛ ነው። ለጥቂት ነው ያመለጣችሁ።”

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አስተዳዳሪው ራሳቸው ፊታቸውን በመስቀላቸው ሸፈኑ። ሳቁ ሲበርድ ሰዉ ራሱን ማጋለጥ ጀመረ። አንዷ የተቀደደ የእመቤታችንን ሥዕል ቆሻሻ ውስጥ ለመጣል ፈርታ አጥሩ ውስጥ እንዳስቀመጠች ተናገረች። አንዱ ጠበል የነበረበትን ፕላስቲክ። ሌላው የጧፍ ቁራጭ። ሁሉም ያሰቡት ያንኑ ነው፤ ግቢው ውስጥ ሰው የማይረግጠው ንጹሕ ቦታ ማሚቱ ያጠረችው ብቻ ነበር። ማሚቱ ከመስከረም ጀምሮ ማንን ስትራገም እንደነበር አሁን አየቻቸው። ግማሾቹ የምትወዳቸው ሰዎች ናቸው።

ኢንጂነሩ አልተቀመጠም። ፊቱ ቀልቷል። ሰው ምን ይል ይሆን ብሎ ሲጠብቀው ሌላ ነገር ጠየቀ።

“ታዲያ አመዱ የት ይደፋ? መልስ የሚፈልገው እሱ ነው።”

“አንተ መሐንዲሱ!” አሉ አሮጊቷ። “ታንከሩን እዚያ ላይ ያስቀመጠው ማን ሆነና?”

ታንከሩን ያስቀመጠው እሱ ነው። የመኪና ማቆሚያውን ወረቀት ገለበጠና በጀርባው ላይ በእስክሪብቶ መሣል ጀመረ። በሰሜን ጥግ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ሁለት ሜትር ጥልቀት፣ ግድግዳው ድንጋይ፣ የብረት ክዳን። ለፕላስቲክና ለወረቀት ለየብቻ ሁለት ሣጥን። እየሣለ ሲናገር ድምፁ ተመለሰለት።

“መኪናውስ?” አለ አንድ ወጣት ነጋዴ።

“አንተ የኮንዶሚኒየሙ ሰው አይደለህም እንዴ? አምስት ደቂቃ ነው፣ በእግርህ ና፣” አሉት አጠገቡ የተቀመጡት ሰው። “ጾም ነው፣ ያቀልልሃል።”

በድጋሚ እጅ ወጣ። ዛፎቹ ይቆያሉ። ከሩቅ የሚመጣ መኪናውን ውጭ ያቆማል፣ የሰንበት ተማሪዎች ያስተናብራሉ። እያንዳንዱ ቤተሰብ እሑድ ሲመጣ ለራሱ ዛፍ አንድ ጀሪካን ውሃ ይዞ ይመጣል። አስተዳዳሪው ይሄን ሲያነቡ ግማሹ ሰው የትኛው ዛፍ የሱ እንደሆነ እንደማያውቅ ግልጽ ሆነ፤ ስም የተጻፈበትን ፕላስቲክ ፀሐይ አንጥቶታል። ሁሉም ወደ በሩ ዞረው ማሚቱን አዩ። እሷ ታውቃለች።

ከስብሰባው በኋላ ሰዉን ይዛ ረድፉን ዞረች። “ይሄ የእናንተ ነው። ይሄ የእነ አዶኒያስ። ይሄኛው...” የደረቁት ጋ ስትደርስ ባለቤቶቹ ከብበው ቆሙ። አንድ ሰው ኮፍያውን አወለቀ፤ ሚስቱ በክርኗ ጎሰመችው።

ኢንጂነሩ ጣሳውን ከቄሰ ገበዙ እጅ ተቀብሎ አብሯቸው ወደ ሰሜኑ ጥግ ሲሄድ በማሚቱ አጠገብ አለፈ። ቆመ።

“ኦሞውን ግን ተይ” አለ።

“እሺ፣ ኢንጂነር።”

ይቅርታ አላለም። እሷም አልጠበቀችም። ሁሉም ሲሄድ የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ተቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ እግሯን ዘረጋች። ሁለት ወር ሙሉ ቀና ብላ ያላየችውን ረድፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው። ልጇ ደወለችላት።

“እማ፣ ምን ሆነ? ነቀሏቸው?”

“አልተነቀሉም።”

“ታዲያ ለምንድን ነው ድምፅሽ እንዲህ የሆነው?”

“እየበላሁ ነው፣” አለች ማሚቱ። በስብሰባው ላይ የታደለውን ዳቦ ነበር የያዘችው። እስካሁን አልጎረሰችውም ነበር፤ ያኔ ጎረሰች።

ጉድጓዱ ከፋሲካ በኋላ ተጠናቀቀ። ቢጫ ከሆኑት ሁለት ዛፎች አንዱ በግንቦት ደረቀ፣ ሌላው ተረፈ። ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ደርቀው ከነበሩት ውስጥ ሦስት ወይራዎች ከሥራቸው አቆጠቆጡ።